ለጉሬዛዎች ዋስ ስለ መሆኔ

ለተከበሩ እኅቴ ለእትዬ ጣፈጠች፤ ጤናዎ እንዴት ከረመ? ወገብዎ ተሻለዎት ወይስ አሁንም ዝናቡን ከሰማይ ቀድሞ ያውቃል? ልጆቹስ፣ ጎረቤቱስ፣ እንሰቱስ እንዴት ነው? እኔ መርፌ ከሚወጋኝ በቀር አንዳች አልነካኝም፤ ፈጣሪ ይክበር።

ደስ ይበልዎት፤ ወንድምዎ በሽማግሌ ፊት ተሟግቶ ረታ። የቆምኩላቸውም ከነግልገሎቻቸው አሥራ አንድ ጉሬዛዎች ናቸው።

ከስፌት ቤቴ ፊት ለፊት ባለው የከተማው መናፈሻ አንድ ትልቅ ሾላ አለ፤ ጉሬዛዎቹ የሚያድሩት እዚያ ላይ ነው። ጥቁር ካባ በነጭ ዘርፍ ደርበው ሲዘሉ ቢያዩዋቸው፣ እትዬ፣ እጅ መንሣት ይቃጣዎታል። ይህን ያህል ዘመን ስሰፋ እንደዚያ ያለ ካባ ከእጄ አልወጣም። ጧት እነሱን ሳላይ መርፌ አልጨብጥም።

የመናፈሻው ሹም አቶ አድነው ታዲያ አግዳሚ ወንበራቸውን ከዚያው ሾላ ሥር አስተከሉ። አንድ ማለዳ እኔው የሰፋሁላቸውን አዲስ ነጭ ኮት ለብሰው ቢቀመጡ፣ ከላይ የማይጠቀስ ነገር ወረደባቸው። ኮቱም ማዕረጉም አብረው ተነኩና ዛፉ ይቆረጥ ብለው አዘዙ። መጥረቢያ መጣ። ሜትሬን ባንገቴ እንዳንጠለጠልኩ ሮጬ ደረስኩና፣ ተከሳሽ ሳይጠየቅ አይፈረድበትም፤ ዋስ አለን ቢሉስ? አልኩ።

«ማነው ዋሳቸው?» አሉ ሹሙ እየሳቁ።

«እኔ ተድላ።»

የተሰበሰበው ሰው አጨበጨበ፤ ሹሙም በሰው ፊት እምቢ ለማለት አፈሩ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ወሰኑ፦ ጉሬዛዎቹ አንድ ወር ይታዩ፤ ደግመው ካጠፉ ግን የመጀመሪያውን መጥረቢያ የማሳርፈው እኔ ልሁን። ፈረምኩ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ላብ አጠመቀኝ። ጉሬዛን ማን ይመክራል?

ያዳነኝ የመናፈሻው ዘበኛ ወዳጄ ኤርካሎ ነው። «አንተ ሰፊ፣ ከጨርቅ በቀር ምን ታውቃለህ?» ብሎ ጀመረኝ። «ጉሬዛ ሰው ንቆ አይደለም። እዚያ ያድራል፣ ጧት ሳይወርድ ይጸዳዳል። ሹሙን ከሽንት ቤቱ ሥር ቁጭ በል ብሎ ማን ጠራው?»

ሹሙ ለሥራ ወደ ተበላ ከተማ በወረዱበት ቀን ሁለታችን ወንበሩን ነቅለን አሥር እርምጃ ወደ ጎን ተከልነው። ሲመለሱ ዘፍ ብለው ተቀመጡበት። የሰው ጥፋት አጥርቶ የሚያይ ዓይን የተቀመጠበትን አያይም።

ወሩ ሞላ፤ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። አቶ አድነው ሽማግሌዎቹን ሰብስበው፣ የእሳቸው ቁጣ አውሬ እንኳ እንደሚያርም በሰፊው ተናገሩ። ኤርካሎ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። ዛፉ ምሕረት አገኘ፣ እኔም ከዋስትናዬ ወረድኩ።

ንግግሩ ሳያልቅ አንዲት ጉሬዛ ሰሞኑን የወለደችውን ታቅፋ ዝቅ ካለው ቅርንጫፍ ብቅ አለች። ሕፃኑ እንደ ጥጥ ነጭ ነው፤ ጥቁሩ ካባ ገና አልተሰፋለትም። ሹሙ ቀና ብለው አዩት፣ አዩት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁና፣

«ለዚህኛው ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ።

ለባለቤትዎ ለጋሼ ወልደሰንበት እጅ ነሥቻለሁ፤ ብርነሽን ሁለት ጉንጯን፣ ብሩን ግንባሩን ይሳሙልኝ። ተዋጊዋን ላም ደግሞ ከሩቁ ሰላም ይበሉልኝ።

ታናሽ ወንድምዎ ተድላ
ሶዶ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1956 ዓ.ም.