ከሼፐርተን የመጡ መራጮች

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእትዬ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔና ባለቤቴ ኑሀሚን፣ ደህና ማለት ከተቻለ፣ ደህና ነን። እማዬን አስታመሽ፣ ቀብረሽ፣ ለቀስተኛውን ሸኝተሽ ሁሉንም ብቻሽን ለተወጣሽው ለአንቺ እግዜር ብርታቱን ይስጥሽ። በስልክ ሁለታችንም እያለቀስን ወሬው ስለሚቀር፣ ጎረቤታችን ተረፈች ወደ አገር ስትገባ በእጇ ይድረስሽ ብዬ ይህን ጻፍኩልሽ።

ተቀይሜሻለሁ፤ ይህን ሳልነግርሽ ሌላ ወሬ አይወጣልኝም። የገዛ እናቴን ሞት የሼፐርተን ፍሬ ለቃሚዎች ከእኔ በፊት መስማታቸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በደወልኩ ቁጥር እማዬ እህቷ ዘንድ ገጠር ሄዳለች፣ እዚያ ደግሞ ኔትወርክ የለም ትይኝ ነበር። እኔም ሞኙ አምኜ፣ ሰላም በይልኝ እያልኩ ስልኩን እዘጋለሁ።

የሆነውን ላጫውትሽ። እዚህ ላለው ለአገር ልጆች ማኅበራችን ፕሬዚዳንትነት መወዳደሬን ታውቂያለሽ። በመላው አውስትራሊያ ያለው አባል ፕሬዚዳንቱን ከመምረጡ በፊት፣ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በቅድመ ምርጫ አንድ ዕጩ ያወጣል። የሜልቦርን ከተማ ሰው አብዛኛው ከእስከዳር ጋር ነበር፤ ጠበቃ ናት፣ አንደበቷም ሥራዋም ያማረ ነው። የእኔ ደጋፊዎች ገጠሬዎቹ ናቸው፤ ከሜልቦርን ከሁለት ሰዓት በላይ በመኪና በሚያስኬደው ሼፐርተን አካባቢ ፍሬ የሚለቅሙ፣ ቄራ የሚሠሩ። ከተሜው ትዝ የምንለው ለፋሲካ በግ ሲፈልግ ነው እያሉ ይቀልዳሉ፤ እውነታቸውን ነው። አንድ ጊዜ ሰው ሲሞትባቸው ከማኅበሩ ለለቅሶ የሄድኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ያኔ ምርጫ የሚባል ነገር አልታሰበም። እነሱ ግን አልረሱትም። ሽማግሌያቸው ጋሼ ኪሮስ፣ አንድ ሰው ሳይቀር መጥተን እንመርጥሃለን ብለው ቃል ገቡልኝ። ድምፅ የሚሰጠው እዚህ ሜልቦርን አዳራሽ ድረስ በአካል መጥቶ ነውና ቀላል ቃል አልነበረም።

በምርጫው ዕለት ጎህ ሲቀድ የመኪና ድምፅ ሰማሁ። መጋረጃውን ስገልጥ የሰፈራችን የዌስት ፉትስክሬይ መንገድ ከጥግ እስከ ጥግ በመኪኖቻቸው ተሞልቷል። ገጠሬዎቹ አላሳፈሩኝም አልኳት ኑሀሚንን። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ መሬት መሬት ታያለች። ሸሚዜን እየቆለፍኩ ወጣሁና፣ ምርጫው ረፋድ ላይ ነው፣ ምን አስቸኮላችሁ ብዬ ቀለድኩ። ማንም አልሳቀም። መንገዱ አድክሟቸው ነው አልኩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ዓይኔ አይቶታል፣ ልቤ ግን ድምፅ ቆጠራ ላይ ነበር። ይባስ ብዬ ደጃፌ ላይ ቆሜ የምስጋና ንግግር ጀመርኩ። ስለ ውለታቸው፣ ተመርጬ ስለማደርግላቸው ነገር፣ ሁሉንም ዘበዘብኩት። ጋሼ ኪሮስ ኮፍያቸውን አውልቀው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ንግግሩን አስጨርሰው መርዶ የነገሩት ሰው ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ከዚያ ጠጋ ብለው ክንዴን ያዙና፣ ልጄ፣ እናትህ አርፈዋል አሉኝ።

ከዚያ በፊትና በኋላ የሆነውን ኑሀሚን ነግራኝ ነው የማውቀው። ቅስቀሳዬን የሚመራው ናኦድ፣ መርዶው ለማታ ይቆይ ብሎ ለምኗቸው ኖሯል። ጋሼ ኪሮስ ግን፣ እናቱ አፈር ለብሰው እሱን መድረክ ላይ እያሳቅን ብናስመርጠው ነገ በምን ዓይኑ ያየናል ብለው እንቢ አሉ። ረፋዱ ላይም ናኦድ፣ በቃ ተራ በተራ ሄዳችሁ ድምፃችሁን ስጡ ቢላቸው አንድም የተነሳ የለም። ሳሎኑ አልበቃ ብሏቸው ጓሮው ሣር ላይ ተቀምጠው ዋሉ። እስከዳር አሸነፈች። አመሻሹ ላይ እሷም ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች፤ ስለ ምርጫው ትንፍሽ ሳትል ከሴቶቹ ጋር ዕቃ አጠበች።

ሊሰናበቱኝ ሲሉ ነው ጋሼ ኪሮስ የነገሩኝ። እማዬ ልትሞት ስትል፣ ልጄ ፕሬዚዳንት ሳይሆን ሞቴን እንዳታሰሙት ብላ አስምላሽ ኖሯል። ይሄኛው ቅድመ ምርጫ መሆኑን፣ ዋናው ገና ወራት እንደሚቀረው ማን ያስረዳት? አንቺ ያን ሁሉ ጊዜ መዋሸቱ ሲከብድሽ ቁጥራቸውን ከኑሀሚን ተቀብለሽ ደወልሽላቸው፤ ወንድሜን ብቻውን እንዳትነግሩት፣ ከብባችሁ ንገሩት ብለሽ አለቀስሽባቸው። ለእኔ ስትይ የእናትሽን መሐላ አፈረስሽ። ይህን እያወቅክ ምነው ተቀየምከኝ ትይኝ ይሆናል። እትዬ፣ የምቀየመው ሰው ስላጣሁ ነው። ከእማዬ ሌላ ያለሽኝ አንቺ ነሽ፤ በማን ላይ ልኩረፍ?

እኔን ያስለቀሰኝ መሸነፌ እንዳይመስልሽ። የሼፐርተን ሰው ድምፁን ነፍጎኝ ለእናቴ ዕንባውን ሰጠ፤ የትኛው እንደሚበልጥ አሁን አውቃለሁ።

ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፤ ቤትሽን ሐዘን አይልመደው፤ የእማዬንም ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። መቃብሯ ዘንድ ስትሄጂ የሆነውን ሁሉ ታጫውቻት ይሆናል። መሸነፌን ግን አደራ አትንገሪያት፤ እሷም እንደ እኔ ሳትሰማ ትንሽ ትቆይ።

ናፋቂሽ፣
ታናሽ ወንድምሽ