ለአንቺ የተጎተተው ወንበር

ይድረስ እንደ እህትም እንደ እናትም ለሆንሽኝ ለእትዬ።

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽ ብርዱን ቻለው ወይ? የእማማ ዓይንስ ተሻለው? እኔና ልጄ ድንቡሼ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን። ስልክ ስንደዋወል እሷ ከጎኔ ስለማትጠፋ ይህን ጉዳይ በወረቀት ልንገርሽ ብዬ ነው።

ባለፈው ሳምንት ድንቡሼ አስተማሪዬ እናትሽ ትምጣ ብላለች ብላ መጣች። መቼም በእኛ ጊዜ ወላጅ አምጪ የሚባለው ያጠፋ ልጅ ነበርና ደሜ ፈላ። መንገዱን ሙሉ ማንን መታሽ፣ ምን ሰበርሽ እያልኩ ስጨቀጭቃት ምንም አላደረግኩም እያለች አለቀሰች። እኔ ደግሞ የይቅርታ ንግግሬን እያጠናሁ ክፍሉ ደረስኩ።

አስተማሪዋ አስቀመጠችኝና ልጅሽ አንዳች ጥፋት የለባትም፣ የየተማሪውን ቤተሰብ የምጠራው ለመተዋወቅ ነው አለች። እፍረቴን ምን ልበልሽ፤ ያን ሁሉ ንግግር ዋጥኩት። ቀጥላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤት ማን ይጠብቃታል ብላ ጠየቀችኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት ድንቡሼ አክስቴ አለች። ፀጉሯን እንደምታበጥሪላት፣ የቤት ሥራ ላይ እንደምትቆጪያት፣ ስትስቂ ቤቱ እንደሚናጋ ዘረዘረችው። የሳቅሽን ነገር እንኳ አልዋሸችም። ከዚያ ተነስታ ሌላ ወንበር ጎትታ ከጎኔ አደረገች። አስተማሪዋም ደስ ብሏት በሚቀጥለው አርብ አክስቷም ትምጣ አለች።

እትዬ፣ እኔ የሆቴሉን አንሶላ ተኩሼ ስጨርስ ይመሻል። እስከዚያ ልጄ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ብቻዋን ነች። የለመደችው መስሎኝ ነበር። ቤት ገብተን ለምን እንደዚያ አልሽ ብላት፣ ብቻዬን ስሆን አክስቴን ሳወራት ትሰማኛለች አለችኝ። እኔም እኮ ስተኩስ የምውለው ካንቺ ጋር እያወራሁ ነው፤ የሚጠይቀኝ የለም እንጂ።

በማግስቱ ብቻዬን ሄጄ አክስቷ ሩቅ ነች፣ እዚህ ከእኔ ሌላ ሰው የላትም ብዬ ለአስተማሪዋ እውነቱን ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። ከሥራ እስክትወጪ ድረስ ልጅቷ ንባብ ክፍል ከእኔ ጋር ትቆያለች፣ አክስቷን ደግሞ አርብ በስልክ እናገኛታለን አለች። እና አደራሽን፣ አርብ ከሰዓት ስልኩን ከእጅሽ እንዳትለዪ። ወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንደምትጠሪም አትጩሂ፤ አስተማሪዋ ድምጿ ዝግ ያለ ሰው ነች።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ባልሽን ጋሼን፣ መንትዮቹንም አንድ በአንድ ሰላም በይልኝ። ወንበርሽ እስካሁን እዚያው ትምህርት ክፍላቸው ነው፤ ማንም እንዳያነሳው ድንቡሼ ከልክላለች።

ታናሽሽ
ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ካለችው ክፍላችን
ኅዳር 14