በእጄ የለም ያልኩሽ ዕለት

ዘንገና፣ ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ አበልጄ፣

እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ዝናቡ ሲጀምር ጠዋት ጠዋት እንደሚይዝሽ ስለማውቅ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቅሽ እሱን ነው። ጋሼ ክንዴ ደኅና ናቸው? የታችኛው ማሳ ድንች በረዶው አልነካውም? ይህን የምታነብልሽ ቤዛዊትዬ ስለሆነች የእሷን ሰላምታ ራሷ ለራሷ ታድርሰው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ላሜ ባለፈው ዓርብ ወለደች፤ ወንድ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። ጾሙ ሲፈታ ወተቱ የሁለታችን ነው።

የግማሽ ሰዓት መንገድ ተራርቀን ወረቀት መላኬ ሳያስቅሽ አይቀርም። “ምን ሆነች፣ እግሯ ተሰበረ?” ትይ ይሆናል። እግሬ ደኅና ነው። ከፋሲካ ወዲህ ሦስት ጊዜ ደጅሽ ድረስ መጥቻለሁ። አንዱን ቀን ስለ ድንች ዘር አወራን። አንዱን ቀን የማስተዋልን ምራት አማናት። በሦስተኛው “ዛሬ ምን ነክቶሻል፣ ለዕርቅ እንደመጣ ሽማግሌ ቁጭ አልሽ” ብለሽ ስታስቂኝ ስቄ ተመለስኩ። በአዊኛ ልነግርሽ ስል እንባዬ ይቀድመኛል። አማርኛው ግን መዝሙረ ዳዊቱን ከቤዛዊት የትምህርት ቤት ደብተር ጋር እያስተያየሁ፣ ፊደል በፊደል፣ ብቻዬን የለቀምኩት ስለሆነ ቀስ ያሰኘኛል። ስለዚህ በእሱ ጻፍኩልሽ።

ነገሩን ያስቸኮለው ያለፈው እሑድ የእድራችን ስብሰባ ነው። አንቺም ነበርሽ፤ ግን እኔ እንዴት እንደሰማሁት ልንገርሽ። ማናለብሽ ስልኳን ከፍ አድርጋ፣ “ገንዘቡ ሁሉ እዚህ ይግባ። ሌባ ቢመጣ የሚስጥር ቁጥሩን አያውቅ” አለች። ፋና ደግሞ ቆይ ብላ፣ “ያን ሰሞን ኔትወርክ ጠፍቶ፣ ባንኩም ተዘግቶ የከረመ ጊዜ ማን ነበረች ከእኔ ሱቅ ስኳር በዱቤ የወሰደችው? ሬሳ እንደሆነ ኔትወርክ እስኪመጣ አይጠብቅሽም” ስትላት ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ከዚያ ማስተዋል፣ ሰብሳቢ ነኝና ልጠይቅ ብላ፣ እያንዳንዷ ቤቷ ውስጥ ስንት ብር እንደምታሳድር ጠየቀች። ፋና በመቀነቷ ሁለት መቶ ብቻ፤ “ከዚያ ካለፈ ባሌ አሽትቶ ያገኘዋል።” ማናለብሽ እንጅባራ ደርሶ ለመመለሻ የምትሆን የባጃጅ ብቻ። አንቺ፣ “የእኔ በዶሮዎቹ ላይ ነው ያለው፤ እንቁላል ሲጥሉ አለኝ፣ ሲያቆሙ የለኝም” አልሽ። እኔን የጠየቀኝ የለም። ሁሉም ያውቃል።

በመጨረሻ ሀያ ሺህ ብር በአንዷ ቤት ይቀመጥ፣ የቀረው ባንክ ይሁን ተባለ። ማን ትያዝ ሲባል ጉልበትሽን ይዘሽ የተነሳሽው አንቺ ነሽ። “አበልጄ ትያዘው። ከእሷ እጅ ገንዘብ እንዲሁ አይወጣም፤ እኔ ሞክሬ አይቻታለሁ” አልሽ። ሴቶቹ ሳቁ። አንቺም ሳቅሽ። እኔ ነጠላዬን አስተካከልኩ። የፊታችን እሑድ ስሜ ተጠርቶ፣ እሺ ብዬ ልቀበል ነው። ከዚያ በፊት ይህን ልትሰሚው ይገባል።

ልጄ ቤዛዊት፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ቀስ ብለሽ አንብቢ። ስለ አንቺም ነው።

አበልጄ፣ አሥራ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ባሌ ደረሰ ከሞተ ሠላሳ ስድስተኛው ቀን ነበር፤ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ልጅቷ በትኩሳት ትነዳለች፣ አንገቷ አልታጠፍ ብሏል ብለሽ እየሮጥሽ መጣሽ። ነጠላሽ በአንድ ወገን መሬት ይጎተት ነበር። ትንፋሽሽ እስኪመለስ ብዬ አስቀመጥኩሽ፤ የተቀመጥሽው ከአልጋው አጠገብ ያለው ሳጥን ላይ ነው። አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር ጠየቅሽኝ፤ ለመኪና ኮንትራትና ለመድኃኒት፣ ዳንግላ ለማድረስ። እኔም፣ “ባንክ ነው ያለው፤ ዛሬ ደግሞ እሑድ ነው። በእጄ የለም” አልኩሽ።

ነበረኝ። ሰባት ሺህ አራት መቶ ብር ነበረኝ። የተቀመጥሽበት ሳጥን ውስጥ፣ የደረሰ ጋቢ ሥር።

ገንዘቡ የተዝካሩ ነበር። ደረሰ የተከለው የዲከረንስ ዛፍ ተቆርጦ፣ ከሰል ሆኖ የተሸጠበት። ወንድሙ ሀብቱ እጄ ላይ ሲያኖረው፣ “ከዚህ አንዲት ብር ብትጎድል ወንድሜ በመቃብሩ አያርፍም፤ ሰውም በባዶ ሞሰብ ሸኘችው ይልሻል” ብሎ አስምሎኛል። አመንኩት። የባሌ ሬሳ ገና ከዓይኔ አልጠፋም ነበር። የሞተው እንዳይከፋብኝ ፈርቼ፣ በክርስትና ያነሳኋትን፣ በሕይወት ያለችውን ልጄን ከለከልኳት። አንቺ “ግድ የለም፣ እግዜር ያውቃል” ብለሽ ከሳጥኑ ተነሳሽ። በሩ ላይ ደርሰሽ እንኳ ዞር ብለሽ፣ “አንቺም ብቻሽን ነሽ፣ በይ ምሳ ብዪ” አልሽኝ። ይህንን ቃልሽን በስንቱ ሌሊት እንደሰማሁት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ጋሼ ክንዴ ከውርንጭላነቷ ጀምረው ያሳደጓትን ዳማ ፈረስ ይዘው መንገድ ወጡ። ገበያ የሌለ ቀን ነው፤ ገዢ ጠፋ። አንድ የጥሊሊ ነጋዴ እስኪያልፍ ፀሐይ ዘቀዘቀች። ቢያንስ ስድስት ሺህ የምታወጣውን በሁለት ሺህ አምስት መቶ ወሰዳት። ዳንግላ የደረሳችሁት ሲመሽ ነው። ሐኪሙ ልጅቷን ካየ በኋላ፣ “ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን” እንዳለ አንቺው ነግረሽኛል። እግዚአብሔር ይመስገን ዳነች። ግራ ጆሮዋ ግን ከዚያ ወዲህ አይሰማም።

ቤዛዊት ልጄ፣ ሁልጊዜ በቀኝሽ የምቀመጠው ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቀሽኝ፣ “ብርሃኑ ስለሚሻለኝ ነው” ብዬሻለሁ። እሱም ውሸት ነበር።

የተዝካሩ ዋዜማ ትዝ ይልሻል? ልብስ ልትወስጂ ከሆስፒታል የመጣሽው ቀን ነው። ድግስ መኖሩን ስትሰሚ፣ “ለደረሰ ነፍስ ግማሽ ቀን አይከፋም፣ ልጅቷ አባቷ ጋ ናት” ብለሽ ቁጭ አልሽና ሽንኩርት መክተፍ ጀመርሽ። በሬው ሲገባ ሀብቱ ደስ ብሎት፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ “አያችሁ፣ ባንክ ላስገባው ስትል እንቢ ብዬ ብሩን ቤቷ ያስቀመጥኩት ለዚህ ነው፤ አንዲት አልጎደለችም” አለ። ቢላዋሽ ቆመ። ከዚያ እንደገና ቀጠለ። ትንሽ ቆይተሽ ዓይንሽን በክንድሽ ጠረግሽ፤ መቼም ሽንኩርት ነውና። በማግስቱም ሰውን ስታስተናግጂ ዋልሽ፤ ስትሄጂ “ድግሱ አምሮልሻል፣ ነፍስ ይማር” ብለሽ ሳምሽኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ነገር ለምነሽኝ አታውቂም። ወንፊት እንኳ። ስትቸገሪ ደጄን አልፈሽ ፋና ጋ ስትሄጂ አይሻለሁ። መስጠቱን ግን አልተውሽም፤ ያንቺ ቤት ቅቤ ሲወጣ የእኔ ቤት ይደርሳል፤ ባለፈው ክረምት ታምሜ አሥራ ሁለት ቀን ስተኛ የመገበችኝ የማን እጅ ነች? ለምን እንደማትጠይቂኝ ጠይቄሽ አላውቅም። አሁንም አልጠይቅሽም።

እኔ ከዚያ በኋላ አንድ ልማድ አወጣሁ። ቤቴ ውስጥ ሦስት ሺህ ብር በዝርዝር ሳይኖር አላድርም። ገብሱ ውስጥ ነው የምቀብረው። ስትጎድል ዕንቁላልም ሸጬ፣ ፍየልም ሸጬ እሞላታለሁ። ማንም መጥቶ ሲጠይቀኝ ለምን አልልም፤ መቼ ትመልሳለህም አልልም። የፋና ልጅ ምጥ የያዛት ቀን፣ የእንዳልካቸው አባት የወደቁ ቀን፣ ኔትወርክ በጠፋ ሰሞን ደግሞ ስንቱ መጣ። ብር በተቀየረበት ዓመት ሁሉንም አውጥቼ ባንክ ወሰድኩት። የምትቀበለው ልጅ አሸተተችው፤ “እማማ፣ ይህ ብር ገብስ ገብስ ይላል። ለምን እዚሁ አያስቀምጡትም?” አለችኝ። “እሑድ ትከፍታላችሁ?” አልኳት። ሳቀች። እሷ ምን ታድርግ፤ የሆነውን አታውቅ።

ሰው “ደግ ናት፣ እጇ ክፍት ነው” ይለኛል። በተባልኩ ቁጥር ዓይኔ አንቺን ይፈልጋል። ደግነት አይደለም። ያን ዕለት የዘጋሁትን በር በየሰው እየዞርኩ መክፈቴ ነው፤ አንቺ ግን በዚያ በር አልገባሽም። በጥር ጊዮርጊስ ፈረሰኞቹ ሲያልፉ ጋሼ ክንዴ ከመንገዱ ዳር ዱላቸውን ተደግፈው፣ የሰውን ፈረስ እግር በዓይናቸው እየተከተሉ ሲቆሙ አያለሁ። ከእሳቸው ራቅ ብዬ እቆማለሁ።

ለነፍስ አባቴ ተናዝዣለሁ። ጾምም ስግደትም ሰጡኝ፤ ፈጸምኩት። ስጨርስ ደግሞ፣ “ልጄ፣ ብሩን የጠየቅሁሽ እኔ አይደለሁም እኮ” አሉኝ። ይህን ካሉኝ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የእሳቸውን ቃል ይዤ ባንቺ ደጅ አለፍኩ፤ ባንቺ ማዕድ በላሁ።

የፈረሷን ዋጋ ልክፈልሽ ብዬ አስቤ ነበር። ብሩንም አጠራቅሜ ነበር። በኋላ ተውኩት፤ ፈረስ ሆኖ አይመለስላችሁም፣ ጆሮም ሆኖ አይመለስም። ብር ሰጥቼሽ እፎይ ለማለት እንደፈለግሁ ገባኝና አፈርኩ።

አሁን ስለ እሑድ ልንገርሽ። የእድሩን ገንዘብ የሚይዝ ሰው ሲጠየቅ፣ የለም ብሎ የማያውቅ ሊሆን ይገባዋል። እኔ ብያለሁ። ያልኩትም ላንቺ ነው። ስለዚህ ማስተዋል ስሜን ስትጠራ አንቺ ዝም ካልሽ ይገባኛል። ዓይኔ ደክሟል፣ ፋና ትያዘው እላለሁ፤ ማንም ነገሩን አያውቅም፤ እኔም ቅር አይለኝም፣ አንቺም አትሳቀቂ። ባለፈው እንዳልሽው ደግመሽ “አበልጄ ትያዘው” ካልሽ ግን እይዘዋለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ በእሑድም ሆነ በበዓል ከእኔ ቤት ባዶ እጇን የምትመለስ ሴት አትኖርም።

ከያዝኩት ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። የእድሩን አይደለም፣ የራሴን ነው የምልሽ። አንድ ቀን መጥተሽ ጠይቂኝ። ለትንሽም ይሁን፣ ባይቸግርሽም ይሁን። በሬን አንኳኩተሽ “አበልጄ፣ ብር አለሽ?” በይኝ። አለኝ ልበልሽ።

ቤዛዊት፣ አንቺን ደግሞ እግርሽ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ለእናትሽ አዝነሽ ከመካከል የዘለልሽው ካለ ተመልሰሽ አንብቢላት፤ ሁሉንም ትስማው። ካስለቀሰሽ ደግሞ ለነገ አሳድሪው፤ እሑድ ገና ነው።

የዘንገናው ጊዮርጊስ ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ጋሼ ክንዴን ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ማሳችሁን ከበረዶ ይጠብቅ። ልጃችን ተምራ፣ ለወግ ለማዕረግ በቅታ፣ ሁለታችንም በአንድ ወንበር ተቀምጠን ለማየት ያብቃን።

አበልጅሽ፤

ለአንባቢዋም የክርስትና እናትሽ