ከዚያ ጠመንጃ የቀረችው ቁራጭ ብረት

እኔ ግራሲየን ኢሪባርን፣ የበግ አርቢው የፒየር ኢሪባርን ልጅ፣ በሙያዬ ጠመንጃ ጠጋኝ፣ ዛሬ ዓርብ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 2019፣ በካሊፎርኒያ ግዛት ከኔቫዳ ድንበር አጠገብ ባለችው በሲዳር ክሪክ መንደር፣ በገዛ ቤቴ ማድ ቤት ተቀምጬ የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። ሳንባዬ ደክሟል። ዓይኔም ከጠረጴዛው ማዶ ያለውን ሰው በድምፁ እንጂ በመልኩ አይለየውም። አእምሮዬ ግን ሙሉ ነው፤ የበደለኝን ሁሉ በየስሙ ያስታውሳል። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላባበለኝም።

ቃሌን የሚጽፉልኝ ጠበቃዬ ወይዘሮ ቶልማን ናቸው። ምስክሮቼ ጎረቤቴ ክላይድ ፔቲትና ከፖስታ ቤት በጡረታ የወጣችው ዊልማ ሃርግሮቭ ናቸው። ሁለቱም ከእኔ የሚወርሱት የላቸውም። ክላይድ ግን የተዋሰውን መሰላል እንዲመልስ በዚሁ አሳስባለሁ።

«አሁን ይሄ ኑዛዜ ውስጥ ይገባል?» አለ ክላይድ።

«ስንት ዓመት በአፍ ነገርኩህ! ይጻፍ።»

ወራሾቼ ሁለት ናቸው። ልጄ ዴኒዝ በቀኜ ተቀምጣለች። ልጄ ሬሞን በዚህ ሰዓት እንዲገኝ ተነግሮት ገና አልመጣም። እሱን የምንጠብቅበት ምክንያት ስለሌለ እጀምራለሁ።

ስለ ቀብሬ። ከሚስቴ ከማሪ ጎን ልቀበር። አባቶቻችን በበግ እረኝነት ከአውሮፓ የመጡት የእኛ የባስኮች ማኅበር ሊቀ መንበር በመቃብሬ ላይ ንግግር እንዲያደርግ አልፈቅድም፤ ቢያስለው እንኳ ራቅ ብሎ ይሳል። ማኅበሩ በየበጋው ለበዓል የሚዋሰኝ ትልቁ የበግ ወጥ ድስት ወደ ቤቴ ይመለስ። ዴኒዝ ከተፈረደባት በኋላ በነበረው በዓል፣ በዚያው ድስት ያበሰለችውን ወጥ ሌላ ሰው እንዲያቀርበው አደረጉ። «ለእንግዶቹ ደስ አይላቸውም» አሉኝ። ወጡን ግን ጠርገው በልተውታል። ድስቱ የዴኒዝ ነው፤ ከፈለገች አበባ ትትከልበት።

ስለ ሥራ ቤቴ። ቶርኖው፣ ሞረዶቹ፣ መሰርሰሪያዎቹና የእንጨት መሥሪያዎቹ በሙሉ የዴኒዝ ናቸው። ሬሞን ከእነዚህ ውስጥ የመረጠው ቢኖር እንኳ አይሰጠው። ብረትን በፒንሳ ከመያዝ በፊት ቆዳ እንደሚጠቀለልበት ከልጅነቱ ጀምሮ ነግሬዋለሁ። እሱ ግን እንዲሁ ይነክሰውና የፒንሳውን ጥርስ ብረቱ ላይ ትቶ ይሄዳል። ዴኒዝ አንድ ጊዜ ነግሬያት አንድም ብረት አላቆሰለችም።

በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ያለው የጠመንጃ መደርደሪያ ባዶ ነው። አባቴ ከተራራ ይዞት የወረደውን ጠመንጃ ሳይቀር ሁሉንም ሸጫለሁ። ምክንያቱም የተፈረደባት ልጄ መሣሪያ ባለበት ቤት ማደር አትችልም፤ እኔም ያለ እሷ ማደር አልቻልኩም። አሁን ካፖርታችንን እንሰቅልበታለን። ዕድሜውን በሙሉ ጠመንጃ ሲጠግን የኖረ ሰው ቤት እንዲህ ሆነ። መደርደሪያው ከግድግዳው ሳይነቀል እንዳለ ይቆይ።

አሁን ወደ ጠመንጃው እመጣለሁ። ወይዘሮ ቶልማን ጠመንጃው ስለሌለ በኑዛዜ ሊጠቀስ አይገባውም ብለውኛል። ይጠቀሳል።

ዴኒዝ የአውራጃው አዳኝ ነበረች፤ ሥራዋ የገበሬውን በግ ከቀበሮ መጠበቅ ነበር። ፈረስ ጥሏት ትከሻዋ ከተሰበረ በኋላ የሚራገጥ ጠመንጃ መተኮስ አቃታት። ሥራዋን እንዳታጣ ብዬ በራሱ የሚያጎርስ ቀላል ጠመንጃ ገዛሁና ለእሷ ብቻ እንዲሆን አድርጌ ለወጥሁት። ሰደፉን ከዋልነት እንጨት ጠርቤ በክንዷ ልክ አሳጠርሁት። ግራኝ ስለሆነች የጉንጯን ማሳረፊያ ወደ ግራ አዞርሁላት። በግዛታችን ሕግ እንዲህ ባለ ጠመንጃ ላይ በጡጫ የሚጨበጥ እጀታ አይፈቀድም፤ አላደረግሁም። የሚታጠፍ ሰደፍ አይፈቀድም፤ አላደረግሁም። ካዝናውም ሕጉ ከሚለው አንድ ጥይት አያልፍም ነበር። ሕጉን ወድጄው አይደለም። ካወጡት ሰዎች መካከል ጠቦቱ በቀበሮ የተበላበት አንድም አይኖርም። ነገር ግን ልጄ ይዛው የምትወጣው መሣሪያ ነውና፣ ሕጉ በተለወጠ ቁጥር እኔም ጠመንጃውን ለወጥሁ።

ሬሞን ይስቅብኝ ነበር። እሱ ኔቫዳ ተሻግሮ የሚኖርና እንግዶችን አደን እየመራ የሚተዳደር ሰው ነው። «አባዬ፣ ጠመንጃውን እኮ አመነኮስከው» ይለኝ ነበር።

በአፈሙዙ ጫፍ ላይ ተጠምዝዛ የምትገባ ርግጫ ማብረጃ በቶርኖ ሠራሁላት። ባሩዱ በጎንና በጎን ቀዳዳዎቿ እየወጣ የትከሻዋን ሕመም ይቀንስላት ነበር። ይህ ተፈቅዷል። ይህችኑ የሚመስል ሌላ ቁራጭ አለ፤ እሱ የባሩዱን ብልጭታ ከተኳሹ ዓይን ይሸሽጋል። ያኛው በኔቫዳ ሱቅ እንደ ብስኩት ይሸጣል፤ በእኛ ግዛት በዚህ ዓይነት ጠመንጃ ላይ ከተገኘ ወንጀል ነው። ሁለቱን ራቅ ብሎ ያያቸው ሰው አይለያቸውም።

ከሦስት ዓመት በፊት በበጎች መውለጃ ወቅት ሬሞን ጠመንጃውን ሳያስፈቅድ ወስዶ፣ በነጋታው መልሶ መደርደሪያው ላይ አኖረው። በዚያው ሳምንት ዴኒዝ በጭጋግ ማለዳ ለበግ ድረሺልን ተብላ አንሥታው ወጣች። የዱር እንስሳት ጥበቃ ሹም መንገድ ላይ አስቆማት። አፈሙዙ ጫፍ ላይ የነበረው እኔ የሠራሁት አልነበረም።

በፍርድ ቤት ቆሜ፣ «ይህ ብረት በፒንሳ ተነክሷል፤ ይህ የዴኒዝ እጅ አይደለም» ብዬ መሰከርሁ። የማን እጅ ነው ብለው ጠየቁኝ። ሬሞን ከኋላ ወንበር ላይ ነበር። ጠረጠርሁ እንጂ አላየሁም፤ በጥርጣሬ ደግሞ በልጄ ላይ መማል አልቻልኩም። «የሚያውቅ ሰው ካለ ይነሣ» አልሁና ዞሬ አየሁት። ቡትስ ጫማውን እያየ ነበር። ዳኛውም ለዴኒዝ፣ «ሙያሽ ነው፤ ልታይው ይገባሽ ነበር» ብለው ፈረዱባት። ጠመንጃው በትእዛዝ ተቆራርጦ ቀለጠ። እኔ የጠረብሁት ሰደፍም አብሮ ተቃጠለ። በአውራጃው አንደኛ ተኳሽ የነበረችው ልጄ ዛሬ በመንገድ ዳር ሆቴል አንሶላ ታጥባለች።

ባለፈው ፀደይ የሬሞን ፒካፕ ግቢዬ ውስጥ ተበላሸ። ጨርቅ ፈልጌ የፊት መሳቢያውን ስከፍት እጄ አንድ ካልሲ ውስጥ ገባ። እኔ የሠራኋት ርግጫ ማብረጃ እዚያ ነበረች፤ ዓይን አላስፈለገኝም። የቀዳዳዎቹን ጠርዝ በሞረድ ያለሰለስኋቸው እኔ ነኝ። ቁራጯን ወሰድኋት፤ ካልሲውን እንደነበረ አጥፌ መለስሁት። እሱም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርሁትም። ከዚያ ጠመንጃ በዚህ ዓለም የቀረችው ይህች ናት። አሁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫታለሁ፤ ምስክሮች ይዩዋት።

በምሥራቁ መንገድ ላይ ብቻ ከብት እንዳያልፍ የተጋደመው የብረት ፍርግርግ ተንኳኳ። ሬሞን በኔቫዳ መንገድ መጣ ማለት ነው። ወይዘሮ ቶልማን ብዕራቸውን ሊያስቀምጡ ነበር።

«አይቁም፤ የሚባለው ሁሉ ይጻፍ» አልኋቸው።

«አቶ ኢሪባርን፣ ጭቅጭቅ እኮ በኑዛዜ አይጻፍም።»

«የእኔ ሀብት እሱ ነው። ይጻፉት።»

ሬሞን ገባ። ሰላም ሊል ጀምሮ ድምፁ ተቋረጠ፤ ጠረጴዛውን አየ መሰለኝ።

«ከየት አገኘኸው?» አለ።

«ካኖርህበት።»

የዊልማ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

«ለምን አልጣልከውም?» አልሁት። «ወንዝ አለ፤ በረሃ አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ይዘኸው የዞርከው ለምንድን ነው?»

«መጣል አቃተኝ።»

«መናገርስ?»

«አባዬ፣ ብልጭታ የሚሸሽገውን ለእንግዶቹ ላሳይበት ብዬ ነው የቀየርኩት። ልመልሰው ነበር። ረሳሁት። በቃ፣ ረሳሁት! ከዚያ ያዟት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምን ልበል? ሁለት ልጆች አሉኝ። እንጀራዬ ጠመንጃ ነው። ብናገር ያው እኔም እንደ እሷ ልሆን አይደል?»

«አዎ፤ እንደ እሷ።»

«ሬሞን፣ ተወው» አለች ዴኒዝ። «አባዬ፣ አንተም ተው። እኔ ለምጄዋለሁ።»

«አንሶላ ማጠብ ነው የለመድሽው?» አልኋት። ቁጣዬ ለእሷ አልነበረም፤ የደረሰው ግን እሷ ላይ ነው። ይቅር ትበለኝ።

ወይዘሮ ቶልማን ቀደም ሲል ያስረዱኝን ለሬሞን እንዲደግሙለት አደረግሁ። ቁራጩን የለወጠው ሰው ራሱ ዳኛ ፊት ቀርቦ ካልማለ በቀር፣ የዴኒዝ ፍርድ እንደገና የሚታይበት መንገድ የለም። እሱ ቢምል ግን ተስፋ አለ።

ስለዚህ ስለ መሬቱ የምለውን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ። አባቴ በእረኝነት ደሞዙ የገዛው መሬት፣ ከነውሃውና ከነበረቱ ነው። ሬሞንን እንዲህ አልሁት፦

«ቁራጯ ያንተ ናት፤ ውሰዳት። ከግቢ ስትወጣ መንታ መንገድ አለ። ወደ ምዕራብ ብትታጠፍ ፍርድ ቤቱ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው፤ ያን ጊዜ መሬቱ ለሁለታችሁ እኩል ይሆናል። ወደ ምሥራቅ ብትታጠፍ ቤትህ ነው።»

«በመሬት ልትገዛኝ ነው?»

«አንተን ማን ይገዛሃል? የእህትህን ስም ነው የምገዛው። ከዚህ በላይ የምከፍለው ነገር ስለሌለኝ ነው።»

ቁራጯ ከእንጨቱ ላይ ስትነሣ ሰማሁ። «አባዬ . . .» አለ። በሩ ተዘጋ፣ ሞተሩ ተነሣ።

የማድ ቤታችን መስኮት መንታውን ያሳያል። እኔ ግን ከመስኮቱ የማየው ብርሃን ብቻ ነው። ክላይድ፣ ዊልማና ዴኒዝ ተነሥተው እዚያ ቆሙ።

«ወዴት ታጠፈ?» አልሁ።

ደግሜ ጠየቅሁ።

«ክላይድ! ዓይን አለህ አይደል እንዴ?»

«ቆይ እስቲ፣ ግራሲየን . . .»

«ወደ ከተማ ታጠፈ፣ አባዬ» አለች ዴኒዝ። «ወደ ፍርድ ቤቱ። እያየሁት ነው።»

እጄን ወደ እሷ ዘረጋሁ። ገና ሳልይዛት የምሥራቁ መንገድ ፍርግርግ ተንኳኳ።

ወይዘሮ ቶልማን ምን እንደሚጽፉ ጠየቁኝ። ይህን ይጻፉ አልሁ፦

መሬቱ ከነውሃውና ከነበረቱ በሙሉ የልጄ የዴኒዝ ነው። እኔ አፈር ሳልለብስ ግማሹን ለወንድሟ ልትሰጠው እንደምታስብ አውቃለሁ። ሕግ ስለማይረዳኝ አልከለክላትም። ከሰጠችው ግን ከእሷ እጅ ይቀበል፤ ከእኔ እጅ አልተቀበለም። ለሬሞን የተውሁት ያችን ቁራጭ ብቻ ነው፤ ምስክሮች እያዩ ተረክቧል። የሬሳ ሣጥኔን ሊሸከም ቢመጣ አይከልከል፤ በሕይወቴ ያልተሸከመልኝን ያኔ ይሞክረው። ዴኒዝ ፍርድ ቤት ቆማ እንኳ ራሷን ለማዳን አንድ ቃል አልዋሸችም። ዛሬ ግን ለወንድሟ ስትል ዋሸችኝ። ይህም ከነምሬቱ ይጻፍ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ተናዛዥ፦ ግራሲየን ኢሪባርን፤ እጁን ጠበቃው መስመሩ ላይ አሳርፈውለት በራሱ እጅ ፈረመ።

ምስክር፦ ክላይድ ፔቲት። ቃሉን ሲሰጥ አእምሮው ሙሉ ነበር። ፒካፑ ወደ ምሥራቅ ሲታጠፍ አይቻለሁ። መሰላሉን እመልሳለሁ።

ምስክር፦ ዊልማ ሃርግሮቭ። እኔም አይቻለሁ። ተናዛዡ ያላየው ስለሆነ አንድ ነገር ከስሜ ቀጥሎ እንዲጻፍልኝ ጠይቄያለሁ። ዴኒዝ «ወደ ከተማ ታጠፈ» ስትል ፒካፑ ገና መንታው ላይ ቆሞ ነበር።