ዘለቀ የሚያውቀው ጽሕፈት

ጥር ፲፫፣ ጧት ፪ ሰ.፣ ቡታጅራ

ቀለም በጠበጥኩ። ጥላሸቱ በደንብ አልደቀቀም፣ ብዕሬ ይጭራል። እጅ ሥራ ከፈታ ይበላሻል፤ ለዚህ ነው ካንተ ጋር የምነታረከው ደብተሬ፣ ሌላ የሚጻፍ የለማ። ጣልያን ከተማዋን ከያዘ ሦስተኛ ሳምንቱ። ገዢያችን ሸሹ፣ ጸሐፊያቸው እኔ ቀረሁ። ሸሽቼስ የት ልደርስ? ከቡልጋ ከወጣሁ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ።

ባለቤቴ በላይነሽ ጓሮ ናት። ቆጮውን ወታደር እንዳያገኘው ሌላ ጉድጓድ ቆፍራ እየቀበረች። ያገሩ ሴቶች አስተምረዋት ዛሬ እንሰት አፋፋቅ እነሱን ታርማለች። ወንድሟ ዘለቀ ካልገባው ከኛ ጦር ጋር ጫካ ነው። መኖሩን እንኳ አናውቅም። ስሙን ሳንጠራ ነው የምንውለው።

ጥር ፲፭፣ ከሰዓት

ሸምሱ መጣ። ጎረቤታችን፣ የመስቃን ገበሬ፣ ከገበያ ገበያ አህያ የሚነዳ። አሰላሙ አለይኩም ብሎ ገብቶ ገና ሳይቀመጥ ዘለቀ በሕይወት አለ አለን። ተራራው ላይ ነው፣ እግሩ ቆስሏል። በላይነሽ መሬት ሳመች።

የቀረው ወሬ መራራ። በደቡብ የጣልያን ጦር፣ ባዲስ አበባ በኩል ጦር፣ በወልቂጤም በኩል ወታደር የጫነ ካሚዮን። የጣልያኑ ካፒቴን አስተርጓሚ ገበያ መሀል እየፎከረ ነው አሉ፦ ይህ የመጨረሻው ዘመቻ ነው፣ ከዚህ በኋላ ያልተያዘ አገር አይኖርም እያለ። እውነቱን ይሆን? እንጃ። ተራራውን በሦስት ወገን ከበውታል።

ጥር ፲፯፣ ፭ ሰ.

ጣልያኖቹ ምሽግ ተጠራሁ። ሊያስረኝ ነው ብዬ ሄድኩ። ካፒቴኑ ግን ወንበር ሰጠኝ። ከአውሮፕላን የሚበተነውን የታተመ ወረቀት ሰዉ በርበሬ ይቋጥርበታል እንጂ አያምነውም። ስለዚህ በእጅ ይጻፍ፣ አገሩ በሚያውቀው እጅ አለኝ። ቃሉ አጭር ነው፦ መሣሪያውን አስረክቦ የገባ ሁሉ በሰላም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዐሥር ወረቀት።

እውነት ነው ወይ ብዬ ባስተርጓሚው አስጠየቅሁ። ካፒቴኑ ደረቱን በእጁ ነካ። አመንኩት። ላንተ ምን እዋሽሃለሁ፣ ማመን ፈልጌ ነበር።

፱ ሰ.

ለበላይነሽ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ። እሷ ግን፦

«አሳምረህ ጻፈው። እጅህን ካየ ይገባል።»

እውነቷን ነው። ዘለቀን ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ፣ ጢሙን አቀምቅሞ፣ ሚስት ካገባ በኋላ። ከኔ ጽሕፈት በቀር አያነብም። የሌላው የዶሮ ጭረት ነው ይል ነበር፣ ሲያናድደኝ።

ጻፍኩ። ዐሥሩንም። ቀለሙን አጠራሁ፣ መስመሩን አሰመርኩ፣ አርእስቱን በቀይ። እንዲህ አምሮልኝ አያውቅም።

ጥር ፳፩፣ ዓርብ

ገበያ። ወረቀቱ ዋርካው ላይ ተሰቀለ። አንድ ደብተራ ጮክ ብሎ አነበበው። ሰው ሁሉ የጸሐፊው እጅ ነው፣ የጸሐፊው እጅ ነው ይላል። ደስ አለኝ። እንዲያውም ኮራሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጥር ፳፯

ዘለቀ ገባ! ሸምሱ በዓይኑ አየው፣ ምሽጉ በር ላይ፣ እያነከሰ፣ ጠመንጃውን ሲያስረክብ። ሌሎች ስምንት ሰዎች ከኋላው። ነገ ለቀውኝ እመጣለሁ በልልኝ ብሎታል። በላይነሽ ጉድጓዱን ከፍታ ቆጮ አወጣች። ቅቤም አለ። ስትዘፍን የሰማኋት ከስንት ወር በኋላ ነው።

ጥር ፳፰

አልመጣም። ምዝገባ ይሆናል አልኳት። ምሳው ቀዘቀዘ።

ጥር ፳፱

ሸምሱ ሰላምታ ሳይሰጥ ደጃፉ ላይ ቆመ። ያኔ አወቅሁ።

ዘጠኙንም ጧት ከምሽጉ ጀርባ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ አቁመው ረሸኗቸው። ሸምሱ ዘበኞቹን ለምኖ ዘለቀን ወሰደ። አህያው ላይ ጭኖ፣ በእንሰት ቅጠል ሸፍኖ፣ በገበያው መሀል ይዞት መጣ። ማንም አላስቆመውም። ወረቀቴ በደረት ኪሱ ነበር፣ በአራት ታጥፎ። ከዋርካው ላይ ነቅሎ የወሰደለት ሰው ነበረ ማለት ነው።

ቀበርነው። ሸምሱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሞ አለቀሰ።

የካቲት ፪

ምንም። በላይነሽ አትሰድበኝም። ምነው በሰደበችኝ። ውኃ ታቀርብልኛለች፣ ዓይኗን ግን አላገኘውም። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል። ፈረሱ እኔ ነኝ።

ምነው ያን ቀን እጄ በተንቀጠቀጠ። በቆሻሻ ጽሕፈት ጽፌው ቢሆን የዶሮ ጭረት ነው ብሎ ያልፈው ነበር። ይህን አስባለሁ፣ እተኛለሁ፣ ተነሥቼ ይህንኑ አስባለሁ።

የካቲት ፬፣ ጧት ፫ ሰ.

ካፒቴኑ አስጠራኝ። ፊቱ ፈገግታ። አሁን ሃያ ወረቀት፣ በወልቂጤ በኩል ለሚሰቀል፣ እዚያ ጫካ ያሉት ገና አልገቡም። እስከ ነገ። ቃሉ ያው ነው። ደረቱን ዳግመኛ ነካ። እሺ ብዬ ወረቀቱን ተቀብዬ ወጣሁ።

፭ ሰ.

ሸምሱን አማከርኩት። አህያው ቆጮ ጭኖ ዛሬውኑ ወደ ወልቂጤ ይነሣል። ቆጮው በታሰረበት የእንሰት ቅጠል ውስጥ አምስት ወረቀት ቢጠቀለል ማን ያየዋል? እኔ የምጽፈው ይህን ነው፦ የገቡት ዘጠኙ ተረሽነዋል፣ ይህ እጅ ዋሽቷችኋል፣ ዳግመኛ ቢጠራችሁ አትመኑት።

ሸምሱ መከረኝ፣ ቢያንስ ጽሕፈትህን ለውጥ፣ ካንዱ ወረቀት ይደርሱብሃል አለ። አስቤበታለሁ። በሌላ እጅ ከጻፍኩት ማን ያምነዋል? እነሱ የሚያምኑት ይህን እጅ ነው። ካፒቴኑም ቢሆን ያውቀዋል። ይሁን።

ለበላይነሽ ነገርኳት፣ ምን ሊከተል እንደሚችል ጭምር። ተነሥታ ጥላሸቱን ራሷ ደቆሰች፣ ቀለሙን በጠበጠች፣ አምጥታ ፊቴ አኖረችው። ከዚያ፣ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየችኝ።

«አሳምረህ ጻፈው» አለችኝ።

ሸምሱ ውጭ እየጫነ ነው። አንተን ደብተሬን ጉድጓዱ ውስጥ ትቀብርሃለች፣ ከቆጮው ሥር። አራቱ ወረቀቶች ተጽፈው አልቀዋል። አምስተኛውንም አሳምሬ ልጻፈው።