«ይነሳልን» ስል ምን ማለቴ እንደ ነበር

ለመንገዶች ግንባታ መሥሪያ ቤት፣ የሌሊት ሥራዎች ዕቅድና ክትትል ክፍል የተከበሩ ኃላፊ፦

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎን እየጠየቅሁ፣ ሌሊቱ ሁሉ እንቅልፍዎ ሳይቆራረጥ፣ መጋረጃዎም ብርሃን ሳያሳልፍ እንዲነጋልዎ ከልብ እመኛለሁ። ይህን የምመኝልዎ ሰው ከዋናው መንገድ ማስፋፊያ ሥራ ዐሥራ አራት እርምጃ ርቆ የሚተኛ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ቋንቋ አስተምሮ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። እንዲህ ያለ ምኞት ከየት እንደ መጣልኝ ለርስዎ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

ደብዳቤውን በአደባባይ መጻፌ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ። ከዚህ በፊት በእጄ ያስገባሁት ማመልከቻ መዝገብ ቤትዎ ውስጥ ጠፍቷል ስለ ተባልሁ፣ ይኸኛው እንዳይጠፋ ብዬ አንዱን ቅጂ ለጋዜጣ ሰጥቻለሁ፤ ሌላውን ደግሞ ከናንተ ማስታወቂያ ጎን ለጥፌዋለሁ። ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባቴ በፊት የኛን ሰፈር ቅሬታዎች እንደ ደንቡ በቁጥር ላቅርብ።

1ኛ/ ስለ ማስታወቂያው እናመሰግናለን። «ለመንገደኛው ምቾት ሲባል ከነገ ጀምሮ ሥራው በሌሊት ይካሄዳል» ይላል፤ ቀን ግን የለውም። ስለዚህ ዛሬም፣ ከአራት ወር በኋላ፣ ሥራው የሚጀመረው ከነገ ነው። የድሮ አመል አልለቅ ብሎኝ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ወጥቼ ከግርጌው «ቀን ይጻፍ» ብዬ ጽፌበት ነበር። ማስታወቂያው በበነጋው በአዲስ ተተካ፤ አዲሱም ቀን የለውም።

2ኛ/ ስለ ሰዓት ዕቅዱ ያለኝን አድናቆት በቃላት መግለጽ ይከብደኛል። ሮለሩ፣ አስፋልት መፋቂያው ማሽንና ሠራተኞቹ በሙሉ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ትኩሱ አስፋልት ግን ከማምረቻው የሚደርሰው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በመካከሉ ባሉት ስድስት ሰዓታት የሚሠሩት ጀነሬተሩና መብራቱ ብቻ ናቸው። የሠራተኞቹን አለቃ ምክንያቱን ብጠይቀው የማሽኖቹን ሰዓት የሚያወጣው ክፍል አንድ፣ የአስፋልቱን የሚያወጣው ሌላ መሆኑን ነገረኝ። አንደኛው ቀን፣ ሁለተኛው ሌሊት ስለሚገባ እስካሁን ተገናኝተው አያውቁም አሉ። አራት አምፖል የተሸከመው የመብራት ምሰሶም የሚያበራለት ሥራ ስላጣ ፊቱን ወደ መኝታ ቤቴ መስኮት መለሰ። ባለቤቴ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልጋዋ ላይ ሆና መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር አስገብታለች፤ እኔም ጋዜጣ አንብቤ ጨርሻለሁ።

ያን ሁሉ ሰዓት ከመብራቱ ሥር ቆማ የምትጠብቀው በባንዲራ መኪና የምታስቆመውና የምታሳልፈው ሠራተኛ ናት። ስሟን የሚጠራ የለም፤ ሰፈሩ በሙሉ «ባንዲራዋ» ነው የሚላት። ማታ ማታ ባለቤቴ ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ስትመለስ በሁለቱም አቅጣጫ መኪኖቹን ቀጥ አድርጋ አቁማ፣ እንደ ትልቅ ሹም ታሻግራት ነበር። ይህች ሴት ኋላ ስለምትመጣ እንዳይረሷት ብዬ ነው።

3ኛ/ ስለ ፈጣን ምላሽዎ። እዚህ ላይ ምስጋናዬ የእውነት ነው፤ ክፋቱም እሱ ነው። ማሽናችሁ የሰበረው የውሃ ቧንቧ እስኪጠገን አርባ ቀን ጠብቀናል። ደጃፌ ላይ የተከመረው ጠጠር እስኪነሳ ሁለት ወር ፈጅቷል። ስለ መብራቱ ያስገባሁት ማመልከቻ ግን ጠዋት ገብቶ ከሰዓት በኋላ ተፈጸመ። ከላዩ ላይ በአረንጓዴ ቀለም፣ በራስዎ እጅ፣ «ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መብራቱ ዛሬውኑ ይነሳ» የሚል ምሪት አርፎበታል። እኔም የዚያን ምሪት ቅጂ ሱቅ በር ላይ ለቆመው ሁሉ እያሳየሁ፣ ለመንግሥት ማመልከቻ መጻፍ የሚያውቅበት ሰው ያስፈልገዋል እያልሁ ደረቴን ስነፋ ዋልሁ።

4ኛ/ ይህ ቁጥር የኔው የራሴ ነው። ቀጥሎ ያለው ሁሉ የሚያሳፍረው እኔን ስለሆነ፣ ክቡርነትዎ ጥቂት አረፍ ይበሉ።

ማመልከቻውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ቤት ለቤት ዞሬ ዐሥራ ሰባት ፊርማ ያሰባሰብሁትም እኔ ነኝ፤ ግማሾቹ የፈረሙት እኔን አፍረው እንጂ መብራቱ በነሱ በኩል አይደርስም። ቃሉም እንዲህ ይላል፦ «በሰፈራችን በጠና የታመሙ ሰዎች ስላሉ መብራቱ በአፋጣኝ ይነሳልን።» በዚያ ሳምንት በሰፈራችን የታመመ ሰው አልነበረም። እኔን ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ይዙርልን ወይም ዝቅ ይበልልን ብዬ ብጽፍ አንድ ሰው መጥቶ በእጁ ያዞረው ነበር፤ እኔ ግን ተናድጄ ስለ ነበር ዓይኔ እንዳያየው ነው የፈለግሁት። አመሻሹ ላይ መኪና መጥቶ ምሰሶውን ጎትቶ ወሰደው።

ያን ሌሊት ተኛሁ። በሦስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጎኔን ሳላገላብጥ ተኛሁ።

በዕቅድዎ መሠረት ባንዲራዋ የምትቆመው ከመታጠፊያው ራስ፣ ከምሰሶው ሥር ነበር። ምሰሶው ሲሄድ ቦታው ዓይን ቢወጉ የማይታይበት ሆነ። የለበሰችው ሰደርያ አንጸባራቂ ነው፤ አንጸባራቂ ልብስ ደግሞ ብርሃን ካልሰጡት የሚመልሰው የለውም፤ የመኪና መብራትም ከመታጠፊያው ወዲህ ቶሎ አይደርስም። ይህን ለመሐንዲስ መንገሬን ይቅር ይበሉኝ። እሷም ሾፌሮች እንዲያዩኝ ብላ ሠላሳ እርምጃ ወደ ፊት ሄዳ፣ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ካለችው አምፖል ሥር ቆመች። እዚያ መኪና የሚያስጠነቅቅ ኮን አልነበረም፤ ምልክትም አልነበረም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አካባቢ አንድ የጭነት መኪና መጥቶ ገጫት። ቀኝ እግሯ ሁለት ቦታ ተሰበረ።

ጎረቤቶቼ በጩኸቱ ተነስተው በለበሱት ፒጃማ ወጥተዋል፤ ደግፈው ያነሷት እነሱ ናቸው። እኔ አልወጣሁም፤ ተኝቼ ነበር። ባለቤቴ ልትቀሰቅሰኝ እጇን ትከሻዬ ላይ ካደረገች በኋላ፣ ስንት ጊዜ ያጣውን እንቅልፍ ነው ብላ አሳዝኛት ተወችኝ። ጠዋት ተንጠራርቼ «ተመስገን፣ እንዴት ያለ እንቅልፍ ነው» ስል ሰማችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዐሥር ቀን በኋላ አጣሪ ኮሚቴዎ ሦስት ሆኖ ቤቴ መጣ። እንዲያው ትሕትናቸው! ሰብሳቢው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ የምፈልገውን መልስ በሰሃን አድርጎ እንደሚያቀርብልኝ ሁሉ፣ «መምህር፣ መብራቱ ይነሳልን ሲሉ ከፍ ይበልልን ማለትዎ ነው አይደል?» አለኝ። ገባኝ። ቃሉ ከፍ ይበል ማለት ከሆነ፣ ምሪቱም ከፍ ይበል የሚል ይሆናል፤ እርስዎ መብራት አላስጠፉም፣ እኔም አላስጠፋሁም፤ ምሰሶውም ያን ሌሊት የሄደው ለማስተካከያ ነው። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ «አዎ፣ እንዲያ ማለቴ ነው» አልሁ። ይህም አልበቃኝ ብሎ፣ ተማሪ ከመቀመጫው ሲነሳ ከፍ እንደሚል ምሳሌ ጠቅሼ፣ ግሱን አብራርቼ አስረዳኋቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሳስተምር እንደዚያ በጥሞና የሰማኝ ክፍል አላጋጠመኝም። ጸሐፊው እያንዳንዱን ቃል ጻፈ።

እንግዶቹን በር ድረስ ሸኝቼ ስመለስ ባለቤቴ ጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። «ማመልከቻውን ለኔ ስታነብልኝ ግን እንዲያ አላልህም» አለችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንስታብኝ አታውቅም፤ ብታነሳብኝ ይሻለኝ ነበር።

ውሳኔው ባለፈው ሳምንት ተለጠፈ፦ «ሠራተኛዋ ከተመደበችበት ቦታ ያለ ፈቃድ በመነሳቷ ጥፋቱ የራሷ ስለሆነ ከሥራ ተሰናብታለች፤ የሕክምናዋም ጉዳይ መሥሪያ ቤቱን አይመለከትም።» እዚህ ላይ የመምህርነት አመሌ መጣብኝ። ያው ግስ ነው፣ ክቡር ሆይ። እሷ ስትነሳ ከፍ ብላለች ብሎ ያነበበላት ሰው ግን አልተገኘም። ስለ ጠጠሩ በጻፍሁት ማመልከቻም «ይነሳልን» ነበር ያልሁት፤ ያኔም ከፍ ይበል ብሎ የተረጎመው አልነበረም፤ እርግጥ ሳምንት በሳምንት ክምሩ ከፍ እያለ ሄዶ ነበር። ምሰሶውም ከአደጋው በማግስቱ ተመልሶ ተተክሏል፤ የድሮው ቦታ ላይ፣ በድሮው ቁመቱ፣ አንዲት ጣት እንኳ ሳይጨመርበት።

ከትናንት በስቲያ ብርቱካን ገዝቼ ሆስፒታል ሄድሁ። ልነግራት ነበር፤ መንገድ ላይ ዓረፍተ ነገሩን ሳይቀር አዘጋጅቼ ነበር። እግሯ በጄሶ ተጠፍሮ ተሰቅሏል። ስታየኝ ደስ አላት፤ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ባለቤቴን አሁን ማን እንደሚያሻግራት ነው። የይግባኟ ጉዳይ ሰኞ እንደሚታይና ምስክር እንደሌላት አጫወተችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦

«መብራቱ ሲነሳ ምንም ያላልነው እኮ መምህር፣ እዚያ ሰፈር በጠና የታመመ ሰው አለ ስላሉን ነው። ለመሆኑ ተሻለው?»

«ሲነሳ» ማለቷን ልብ ይበሉልኝ። ምን ማለት እንደሆነ ሰብሳቢም አስረጂም አላስፈለጋትም። እኔ ደግሞ «ተሻለው» አልኋት። «እሰይ» አለች፤ ብርቱካኑንም ተቀበለችኝ። ከዚያ ክፍል እንዴት እንደ ወጣሁ አላውቅም፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ የምለው ለወግ አይደለም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ በሚታወቁበት ቅልጥፍና የሚከተለውን እንዲፈጽሙልኝ እለምናለሁ። የጠፋው ማመልከቻ ቅጂ፣ ከአረንጓዴው ምሪትዎና ከማኅተሙ ጋር፣ ከዚህ ደብዳቤ ሥር ተያይዟል፤ ከባንዲራዋ መዝገብ ጋር ይያያዝልኝ። ለኮሚቴው የሰጠሁት ቃል ሐሰት ነው። «ይነሳልን» ስል ከዓይናችን ይጥፋልን ማለቴ ነበር፤ እርስዎም እንደዚያው ተረድተውኛል፤ ምሰሶውን ጎትቶ የወሰደው ሾፌርም እንደዚያው ተረድቷል። ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል ይግባኝ ሰሚው ፊት ቀርቤ ይህንኑ በአፌ እናገራለሁ። ለሐሰተኛ ቃል ቅጣት ካለው ልቀጣ፤ ቅጣቱን ሲጽፉ ግን እባክዎ ቀን ያስገቡበት። የፈረሙትን ዐሥራ ስድስት ጎረቤቶቼን ይተዉዋቸው። የፈረሙት እኔን አፍረው፣ ለበሽተኛም አዝነው ነው።

ጊዜዎን ስለ ተሻማሁ፣ ጨለማን በምሪት፣ ጥፋትን በግስ ስለ ማስተካከል ስላስተማሩኝም ያለኝ ምስጋና ወሰን የለውም።

ከማይናወጥ አክብሮትና ከማይነሳ ኀፍረት ጋር፣
በሰፈራችን በጠና የታመመው ሰው

ማሳሰቢያ፦ ሰው ጥፋቱን ብቻውን መሸከም ሲያቅተው የሚያደርገውን አድርጌ፣ ትናንት ጠዋት ለበላይ አካል «የሌሊት ሥራዎች ኃላፊ ከቦታቸው ይነሱልን» የምትል አጭር ማመልከቻ አስገብቼ ነበር። ዛሬ በመሥሪያ ቤትዎ በር ሳልፍ፣ ወደ ምክትል ሥራ አስኪያጅነት ከፍ በማለትዎ እንኳን ደስ አለዎት የሚል ጨርቅ ተሰቅሎ አየሁ። እንደ ልማዳችሁ በአንድ ቀን ተፈጽሟል። በናንተ ቤት ቃሉ እንዴት እንደሚነበብ ራሴ አስተምሬ ሳበቃ፣ ደግሜ በመጻፌ ጥፋቱ የኔው ነው።