የካሳራኒ ቀስተኞች አባት፦ የአቶ ተካልኝ ወልደሰንበት የሕይወት ታሪክ

አቶ ተካልኝ ወልደሰንበት ከአባታቸው ከአቶ ወልደሰንበት ገብሬና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፋንቱ በዳኔ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950 በይርጋለም ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ጨርሰው አዲስ አበባ በስፖርት መምህርነት ሠለጠኑ፤ ከቀስት ጋር የተዋወቁትም ያኔ ነው። በ1978 ከወይዘሮ ብዙነሽ ጋር ትዳር መሥርተው ያኤልንና ሱራፌልን አፍርተዋል። በ1992 ናይሮቢ ገብተው ኢምባካሲ በሚገኝ የጭነት መጋዘን ለረጅም ዓመታት አገልግለዋል።

በ2001 መሃል ከተማ ምግብ ቤት ከነበራቸው ወዳጃቸው ከአቶ ጌታቸው ጋር፣ ካሳራኒ በተባለው የናይሮቢ ሠፈር፣ የካሳራኒ ቀስተኞች ማኅበርን መሠረቱ። ቀስታቸውን ይዘው ማታቱ የተባለውን የከተማውን ሚኒባስ ሲሳፈሩ ረዳቱ "ጦርነቱ የት ነው?" ቢላቸው፣ "ካሳራኒ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ" ብለው ይቀመጡ ነበር።

የማኅበሩ ደንብ የእርሳቸው ነው። ማንም የራሱን ዒላማ አይናገርም፤ ፍላጻው የት እንዳረፈ ጮኾ የሚነግረው ተፎካካሪው ነው። "ለራሱ ሲሆን የሰው ዓይን ያዳላል" ይሉ ነበር። ዋሽቶ የጠራ ሦስት ወር ሜዳ አይረግጥም። በ2004 ለልጃቸው ለያኤል አድልተው የጠሩትን ወይዘሮ ብዙነሽን ሳይቀር ቀጥተዋል፤ በእነዚያ ሦስት ወራት ቤት የቀረበላቸው ወጥ ጨው እንዳልነበረው ልጆቻቸው ይመሰክራሉ።

በ2007 የስኳር ሕመም ዓይናቸውን ያደበዝዘው ጀመር። ለማንም ትንፍሽ አላሉም። አቶ ጌታቸው ግን ፍላጻቸው ሣር ውስጥ ሲገባ አይተው፣ "ቢጫው ላይ ነው ጋሼ! መሃሉን!" ብለው ጮኹ። አባላቱም አጨበጨቡ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነ፤ ሁሉም እያወቀ።

ጁን 7 ቀን 2009 ጋሼ ተካልኝ ፍላጻ ሳያኖሩ የቀስቱን ገመድ ብቻ ስበው ለቀቁ። ዓይናቸውን ከዒላማው ላይ ያልነቀሉት አቶ ጌታቸው እንደለመዱት "ቢጫ!" አሉ።

"ጌታቸው፣ ፍላጻው እኮ እጄ ላይ ነው።"

አቶ ጌታቸው ዞረው ፍላጻውን አዩት።

"ደንቡን ታውቃለህ" አሉና ጋሼ ቀስታቸውን ለዘለዓለም ሰቀሉ።

በጁላይ ኩላሊታቸው ደክሞ ሆስፒታል ገቡ። አቶ ጌታቸው ከኀፍረት የተነሣ ክፍላቸው መግባት አቅቷቸው፣ በየቀኑ ሾርባ እያመጡ ለወይዘሮ ብዙነሽ ሰጥተው ከግቢው በር ይመለሱ ነበር።

"ሾርባው የማን ነው?" ሲሉ ጋሼ ጠየቁ።

"የእኔ ነው" አሉ ወይዘሮ ብዙነሽ።

"ብዙዬ፣ አንቺ እኮ አንዴ ተቀጥተሻል!"

ኦገስት 24 ቀን አቶ ጌታቸውን አስጠሩ። "ደንቡ የሜዳ ነው፤ እዚህ ና ተቀመጥ። ሁሉም ትድናለህ ይለኛል። እኔ አይታየኝም፤ አንተ ንገረኝ።"

አቶ ጌታቸው እጃቸውን ይዘው አለቀሱ። ቆይተውም፣ "ጋሼ፣ ሐኪሞቹ ጨርሰዋል። ከዚህ አልጋ አይነሡም" አሉ።

"እግዜር ይስጥህ። በል ልጆቼን አስገባልኝ፤ ልሰናበታቸው።"

ያኤልንና ሱራፌልን አንገታቸውን አቅፈው መረቁ፤ የወይዘሮ ብዙነሽንም እጅ ይዘው ይቅርታ ጠየቁ። በማግስቱ፣ ኦገስት 25 ቀን 2009፣ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ።

አቶ ተካልኝ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ብዙነሽን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና፣ "ወንድሜ ብላችሁ ጻፉት" ብለው ያዘዙላቸውን አቶ ጌታቸውን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር የደከሙ ዓይኖቻቸውን በማይመሽ ብርሃኑ ይክፈትላቸው፤ ለእኛም የምንጽናናበትን ልብ ይስጠን። አሜን።